አንዱ ይጮኻል፣ አንዷ ታንኮራፋለች

2ኛ ክፍል የሚማረው ልጄ አንድ ቀን ጠዋት ቁርሱን እየበላ «ማሚ፣ ማታ ማን ነው ያለቀሰው?» ብሎ ጠየቀኝ። ያለቀሰው እሱ ራሱ ነበር። ማልቀስ ማለት ቢያንሰው ነው እንጂ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ ላብ በላብ ሆኖ ያሰማው ጩኸት የታች ፎቅ ጎረቤቶቻችንን ሳይቀር ደረጃ አስወጥቷል። አባቱ ሊያቅፈው ሲል ገፈተረው። እኔ ስሙን ደጋግሜ ብጠራውም አላወቀኝም፤ ያያል፣ የሚያየው ግን እኔን አይደለም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጋደም አለና ተኛ። እኛ ዓይናችንን ሳንከድን አነጋን፤ ጠዋት እንቅልፉን ጠግቦ የተነሣው የቤታችን ሰው እሱ ብቻ ነበር።

ጥያቄው ከአእምሮዬ አልጠፋ አለ። «አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም» ይባላል፤ የእኔ ልጅ ግን አውቆም አልተኛ፣ ነቅቶም አልጮኸ። እሱ ራሱ የማያስታውሰውን፣ ቀን ላይ ምንም የማይታይበትን ነገር ይዘን ሐኪም ቤት ስንሄድ የምናሳክመው ማንን ነው እያልኩ አስብ ነበር፤ ልጁን ነው ወይስ የራሳችንን ድንጋጤ? መልሱ የመጣው ካልጠበቅኩት በኩል ስለሆነ ነው ይህን የምጽፈው።

ሁሉም የየራሱን ምክንያት ይዞ ነበር

ጩኸቱ በተደጋገመባቸው ሳምንታት በቤታችን ያልተባለ ነገር የለም። አብራን የምትኖረው እናቴ ነገሩን ከዓይን ቆጠረችው፤ ጸበል አስመጥታ አልጋውን ረጨች፣ የአባቷን ዳዊትም ትራሱ ሥር አኖረች። ባለቤቴ ልጁ ከእራት በኋላ በስልክ የሚያየውን ካርቱን ወነጀለ። የታች ፎቅ ጎረቤታችን ደግሞ ልጁ በእንቅልፉ ጥርሱን እንደሚያፋጭ ስትሰማ ጊዜም አልፈጀባት፤ «ወስፋት ነው፣ መድኃኒቱን ስጪውና ተገላገዪ» አለችኝ። እኔ በበኩሌ በሰፈሩ መፍረስ አሳብቤ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ሲዘረጋ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ከተማው ዳር ተነሥተዋል፤ ልጄ ግንፍሌ አካባቢ አብሯቸው ኳስ ይጫወት ከነበሩት ጓደኞቹ አብዛኞቹ ከእነዚያ ቤተሰቦች ነበሩ። ልጅ ቀን ዋጥ ያደረገውን ለቅሶ ማታ ያወጣዋል የሚል ሐሳብ ይዤ ነበር። ሐሳቡን እስከ ዛሬ አልጣልኩትም፤ ማስረጃ ግን አልነበረኝም።

ጎረቤቴም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም። ጥርስ ማፋጨት ብቻውን የወስፋት ምልክት አይደለም፤ ሆኖም ሌሊት ሌሊት ወደ ፊንጢጣ ወጥታ እንቁላሏን የምትጥል ቀጭን ነጭ ትል አለች፣ እሷ የምታመጣው ማሳከክም ብዙ ልጆችን ያባንናል፣ ያነጫንጫል። እንዲህ የሚሆን ልጅ ግን የሚያክከውን ያውቃል፤ ሰውንም ለይቶ ያውቃል።

ሐኪሙ የጠየቀው ሰዓቱን ነበር

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱንም ልጆች ይዘን ሄድን። 4ኛ ክፍል የምትማረውን ታላቋን የወሰድናት እናቴ ለቅሶ ቤት ስለሄደች ብቻ ነው። የሕፃናት ሐኪሙ ልጁ ምን እያለ እንደሚጮኽ ከመጠየቁ በፊት «እናት፣ ከተኛ ስንት ሰዓት ቆይቶ ነው?» አለኝ። በ3 ሰዓት ተኩል እንደሚተኛና ጩኸቱ 5 ሰዓት ገደማ እንደሚመጣ ስነግረው፣ ሌላውን ሁሉ ሳይሰማ የገባው መሰለኝ። ጥልቁ እንቅልፍ የሚበዛው በሌሊቱ የመጀመሪያ ሲሶ ነው፤ ይህ ዓይነቱ ድንጋጤ የሚመጣውም ልጁ ከዚያ ጥልቀት ሲወጣ የአንጎሉ አንዱ ክፍል ነቅቶ ሌላው እንደተኛ ሲቀር ነው። ስለዚህ ይጮኻል፣ ይናገራል፣ አንዳንዱም በእንቅልፍ ልቡ ተነሥቶ ይሄዳል፤ ጠዋት ግን ምንም አያስታውስም። ቅዠት ከዚህ ይለያል፤ የሚበዛው ሕልም በሚታይበት እንቅልፍ፣ ወደ ንጋት ገደማ ነው፤ ልጁ ባንኖ ይነቃል፣ እናቱን ያውቃል፣ ያየውን ይተርካል፣ ተመልሶ መተኛትም ይፈራል። ቅዠት ያየ ልጅ መታቀፍ ይፈልጋል፤ የእኔን ልጅ ግን መታቀፉ ራሱ ያብስበታል።

ያን የሕልም እንቅልፍ ዓለም ያወቀው በአንድ ተማሪ ልጅ መሆኑን በኋላ ሳነብ ገረመኝ። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረው ዩጂን አሰሪንስኪ እ.ኤ.አ. በ1951 የ8 ዓመት ልጁን አርሞንድን ዓይኑ አካባቢ ሽቦ ለጥፎለት ያስተኛውና ሲከታተለው ያድር ነበር። መሣሪያው የተኛው ልጅ ዓይን በፍጥነት ሲንቀሳቀስ ሲመዘግብ፣ አባትየው መጀመሪያ መሣሪያው የተበላሸ መስሎት ነበር። ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ1953 ከመምህሩ ከናታኒኤል ክላይትማን ጋር በጋራ ታተመ። ልጁ በማግስቱ ትምህርት ቤት ነበረው ወይ የሚል ጥያቄ የሚመጣበት ሰው ግን እንደ እኔ ያለች እናት ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

ምክሩ ብዙም አልነበረም። አትቀስቅሱት፣ አትወዝውዙት፣ ጠዋትም አትመርምሩት፤ እንዳይወድቅ አጠገቡ ቁሙ፣ የበረንዳውን በር ቆልፉ፣ እንቅልፉንም ጨምሩለት፤ ምክንያቱም እንቅልፍ ያጠረበት ልጅ የሚገባበት እንቅልፍ ይበልጥ ጥልቅ ነው፣ ድንጋጤውም ይደጋገምበታል። ሰዓቱ ዘወትር አንድ ከሆነ ከዚያ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ቀድሞ ልጁን ቀስ አድርጎ መነካካትና ለጥቂት ሳምንታት ይህንኑ መቀጠል የሚረዳበት ጊዜ አለ። በአንድ ሌሊት ደጋግሞ ከመጣ፣ ወይም የአፉ አንድ ወገን ወይም አንድ እጁ ብቻ የሚርገበገብ ከሆነ ግን የሚጥል በሽታ መሆን አለመሆኑ መታየት ስላለበት ቶሎ መመለስ ያስፈልጋል። በዘር የሚሄድ ነገር እንደሆነም ነገረን። ማታ ለእናቴ ይህን ስነግራት፣ ታላቅ ወንድሜ በልጅነቱ ሌሊት ተነሥቶ ግቢ መሐል ቆሞ ይገኝ እንደነበር ያለ ምንም መደነቅ አወጋችኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ጸበል ስትረጭ ለምን እንዳልነገረችኝ ብጠይቃት፣ «የጠየቀኝ የለም» አለች።

ልንነሣ ስንል ሐኪሙ ጥግ ላይ ወደተቀመጠችው ልጄ ዞር አለ። አፏን ከፈት አድርጋ የግድግዳውን ሥዕል ታያለች። «እሷስ እንዴት ናት፣ ደህና ትተኛለች?» አለ። «እሷ እንኳን ችግር የለባትም፣ እንዲያውም ታንኮራፋለች» አልኩት። ባለቤቴ ሳቀ፤ ሐኪሙ አልሳቀም። የታመመው ልጅ ጉዳይ አለቀና ስለ ጤነኛዋ ልጅ ጥያቄው ይወርድ ጀመር፤ ከጉንፋን ውጭም ታንኮራፋለች ወይ፣ በእንቅልፏ ያልባታል ወይ፣ ጠዋት አፏ ይደርቃል ወይ፣ ራሷን ያማታል ወይ፣ ሽንት ያመልጣታል ወይ፣ አስተማሪዋ ምን ትላለች? አንዳንዱን መለስኩ፣ ብዙውን አላወቅኩም። በመጨረሻ «ዛሬ ማታ አጠገቧ ተቀምጠሽ በስልክሽ ቅጂልኝ፤ ደረቷና አንገቷ ይታይ፣ ድምፁም ይሰማ» አለኝ።

ስልኬን ይዤ የተቀመጥኩበት ሌሊት

ሁለቱ ልጆች በሚተኙበት ክፍል ወለሉ ላይ ትራስ ጣል አድርጌ ተቀመጥኩ። መብራት ማብራት አላስፈለገኝም፤ መንገዱ ሲሠራ የተተከሉት መብራቶች በመጋረጃው አልፈው ክፍሉን ወለል ያደርጉታል። ታናሹ ግድግዳውን ታክኮ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ታላቋ በጀርባዋ ተንጋላ፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ አፏን ከፍታለች፤ ትራሷን ለሃጭ አርሶታል። ማንኮራፋቷ ወጥ ነበር። ስልኩን ከደረቷ ትይዩ አድርጌ መቅዳት ጀመርኩ፤ ትንሽ ቆይቶ እኔኑ እንቅልፍ ሊጥለኝ ደረሰ።

ከዚያ ማንኮራፋቱ ቆመ። በእኛ ቤት ማንኮራፋት ሲቆም «አሁን ገና ተኛች» ይባላል፤ ይህንኑ በልቤ ልል ነበር። ነገር ግን ዓይኔ ስልኩ ላይ ስለነበር፣ ድምፁ ሲቆም እንቅስቃሴው እንዳልቆመ አየሁ። ሆዷ ይነሣል፣ ደረቷ ግን ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከአንገቷ ሥር ያለችው ጎድጓዳ ቦታ በየጊዜው ተስባ ትሰረጉዳለች። ለመተንፈስ የሚደረገው ሁሉ እየተደረገ ነው፤ አየሩ ግን አይገባም። አንድ ትንፋሽ የሚወስደው ጊዜ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ፣ ሦስተኛው አለፈ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያደገ ሰው ቧንቧው ውኃ ከመስጠቱ በፊት እንዴት እንደሚንተፋተፍ ያውቃል፤ ልጄም እንዲያ ተንተፋትፋ፣ አንዴ ሳል ብላ፣ አየሩን በረጅሙ ሳበችና ወደ ጎኗ ዞረች። ዓይኗን አልገለጠችም። ማንኮራፋቱም ካቆመበት ቀጠለ።

ልቀሰቅሳት የዘረጋሁትን እጄን መልሼ ሰበሰብኩ፤ የተላክሁት ልቀዳ ነው። እንደገና ቆመ፣ እንደገና ተንተፋተፈች። ያን ጊዜ የተሰማኝን ፍርሃት ከታናሹ ጩኸት ጊዜ ፍርሃት ጋር ሳስተያየው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። የያኔው ቤቱን ሁሉ የሚያስነሣ፣ እንባና ጸሎት ያለበት ፍርሃት ነበር። ይኼኛው ግን ምንም ድምፅ የለውም፤ ከእኔ በቀር የሚያውቀው ሰው የለም፣ ጎረቤት ደረጃ አይወጣበትም፣ ዳዊትም ትራስ ሥር አይገባበትም። በሁለቱ አልጋዎች መካከል ያለው ርቀት አንድ ክንድ እንኳን አይሞላም። ያ ሁሉ ሳምንት ዓይናችን ከአንዱ አልጋ ላይ ሳይነሣ፣ ሕክምና የሚያስፈልጋት ልጅ በሌላኛው ላይ ተኝታ ነበር።

ሐኪሙ ቪዲዮውን ካየ በኋላ ነገሩን ሲያስረዳን እንዲህ ነው፦ በዚህ ዕድሜ ቶንሲልና ከአፍንጫ ጀርባ ያለው ሥጋ ከመተንፈሻው ስፋት አንጻር ትልቅ ነው። ሰው ሲተኛ የጉሮሮ ጡንቻዎች ስለሚላሉ፣ ቀድሞም የጠበበው መንገድ ጭራሽ ይዘጋል። ትንፋሽ ሲቋረጥ አንጎል ለቅጽበት ይነቃና መንገዱን ያስከፍታል። መንቃቱ በጣም አጭር ስለሆነ ልጁ አያውቀውም፣ ቤተሰቡም አያየውም፤ ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ የሚደጋገም ከሆነ አልጋ ላይ ያደረ ልጅ ተኝቶ አደረ ለማለት ያስቸግራል። በአዋቂ ሰው ላይ ትንፋሹ ቆመ የሚባለው ቢያንስ 10 ሰከንድ ሲሞላው ነው፤ በልጅ ላይ ግን ሁለት ትንፋሽ የሚፈጀውን ጊዜ ያህል መቋረጡ ይበቃል። ስለዚህ በእናት ጆሮ «ትንሽ ቆም አለች» የሚያሰኘው ለልጅ ትንሽ አይደለም።

ቀን ላይ ሲታይ የቆየው

ከዚያ በኋላ የአስተማሪዋን መገናኛ ደብተር አውጥቼ ከመጀመሪያው አነበብኩት። «ትቁነጠነጣለች»፣ «ጎበዝ ናት፣ ግን ትኩረት ይጎድላታል»፣ «ያለ ፈቃድ ከመቀመጫዋ ትነሣለች»። እንቅልፍ ያላገኘ ትልቅ ሰው ያንቀላፋል፤ እንቅልፍ ያላገኘ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ የሚቅበጠበጠው ነው። ለዚህ ነው ነገሩ ከጠባይ የሚቆጠረው። አስተማሪዋን አልወቅሳትም፤ 50 ልጅ ይዛ የማን አፍንጫ እንደተዘጋ ልትመረምር አትችልም። ይሁን እንጂ «ልጁ ትኩረት የለውም» ከሚለው አስተያየት ቀጥሎ «ሌሊት ያንኮራፋል ወይ?» የሚል አንድ ጥያቄ ቢጨመር የብዙ ቤት ክርክር መልኩን ይለውጥ ነበር ብዬ አምናለሁ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ማንኛውም ልጅ ለምርመራ ሲመጣ ስለ ማንኮራፋት ይጠየቅ ብሎ ያወጣውን መመሪያ ያደሰው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ ጥያቄው ገንዘብም ማሽንም አይፈልግም።

የሽንቱን ጉዳይ ሐኪሙ ሲጠይቀኝ «ኧረ የለም፣ ትልቅ ልጅ እኮ ናት» ብዬው ነበር። ቤት ገብቼ ለእናቴ ሳወራት ዝም አለች፤ ከዚያ ተነሥታ የልጅቷን አንሶላ ገለጥ አድርጋ ከሥሩ ያነጠፈችውን ላስቲክ አሳየችኝ። አያትና የልጅ ልጅ ተማክረው፣ ጠዋት ጠዋት አንሶላው እኔ ሳልነሣ ይታጠብ ኖሯል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የምትለኝ ራሷ እናቴ ነበረች፤ ግን ልጅቷ እንዳታፍር ብላ ያደረገችውን ልቆጣት አልቻልኩም። ትንፋሽ የሚቋረጥበት እንቅልፍ አልጋ ላይ ለመሽናት አንዱ ምክንያት እንደሆነ ስነግራት ፊቷ በራ፤ ልጅቷም ሰነፍ ናት ተብላ እንዳትቆጠር ይህንኑ ለብቻዋ አስረዳቻት።

እናቴ ያመጣችው መፍትሔ ግን አከራከረን። «በእኛ ጊዜ እንጥል ይቆረጥና ያበቃ ነበር» አለች። በባህላዊ መንገድ እንጥል ማስቆረጥ ደም የሚያፈስ፣ ኢንፌክሽን የሚያመጣ፣ ሕይወት እስከ መቅጠፍ የሚደርስ መሆኑ ሳይበቃ፣ መንገዱን የዘጋው እንጥሏ አይደለም፤ ቢቆረጥም ቶንሲሉ ባለበት ይቀመጣል። ይህን ለማሳመን የአንገት በላይ ሐኪሙ ያዘዘውን ራጅ አምጥቼ ማሳየት ነበረብኝ። ከአፍንጫዋ ጀርባ ያለው ሥጋ የአየሩን መንገድ ምን ያህል እንዳጠበበው በጎን በተነሣው ራጅ ላይ ላልተማረ ዓይን እንኳን ይታያል፤ እናቴ መስኮቱ ላይ ዘርግታ አየችውና «ታዲያ በየት ነው የምትተነፍሰው?» አለች።

አሁን ክርክሩ በእኔና በባለቤቴ መካከል ነው። እሱ ቀዶ ጥገናው ቶሎ ይሠራ ባይ ነው፤ ሐኪሙ በአፍንጫ የሚነፋ መድኃኒት ሰጥቶ ለጥቂት ወራት እንይ ብሏል፣ እኔም ወደዚያው አደላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ፣ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 9 ዓመት የሆኑ ልጆችን የተከታተለ አንድ የአሜሪካ ጥናት ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው 79 በመቶው በ7 ወር ውስጥ የእንቅልፍ ምርመራቸው ጤናማ እንደሆነ፣ በጥንቃቄ ከተጠበቁትም 46 በመቶው እንዲሁ እንደተስተካከሉ አሳይቷል። ባለቤቴ 79ኙን ያያል፣ እኔ 46ቱን። ከባድ የትንፋሽ መቋረጥ ያለባትና ክብደት የማትጨምር ልጅ ብትሆን ኖሮ እኔም አልከራከርም ነበር።

8 ሰዓት ከሩብ

ሁለቱን ልጆች የሚያገናኘው ነገር ሰዓቱ ነው። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል ይላል። የእኛ ልጆች ማታ በ3 ሰዓት ተኩል ይተኛሉ፣ ሰርቪሱ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ስለሚደርስ ሌሊት በ11 ሰዓት ከ45 ይቀሰቀሳሉ፤ ይህ 8 ሰዓት ከሩብ ነው። በሰማዩ በኩል ሰበብ የለንም፤ አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትርቅ ክረምት ከበጋ የሚመሸው በ12 ሰዓትና በ1 ሰዓት መካከል ነው። የሚያመሸን ቤት ሥራው፣ የቴሌቪዥኑ ተከታታይ ድራማና ከእራት ጋር የሚጠጣው ሻይ ነው። መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ ሰቀልን፤ የመንገዱ ብርሃን ጨለማ ሲሆን አንጎል የሚያመነጨውን ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን ስለሚቀንስ ነው። ሻዩ በወተት ተተካ፤ ድራማውን ግን እናቴ አልለቀቀችም፣ ድምፁን ብቻ ቀነሰች።

ትልቁ እንቅፋት ሰርቪሱ ነው። መጀመሪያ የሚያነሣው የእኛን ልጆች ስለሆነ ከአራት ኪሎ ተነሥቶ ከተማውን ሲዞር ሌሎች ልጆች ገና አልጋ ላይ ናቸው። ሹፌሩን መጨረሻ ላይ አንሣልን ብለው «እትዬ፣ ሁሉም መጨረሻ አንሣልኝ ካለኝ መጀመሪያ የማነሣው ራሴን ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው። ከሌሎቹ ወላጆች ጋር ከተነጋገርን በኋላ ተራው በየሴሚስተሩ እንዲዞር ተስማምተናል፤ ከቀጣዩ ሴሚስተር ጀምሮ ልጆቹ 40 ደቂቃ ያህል ያተርፋሉ፣ በዚያው ልክ የሌላ ሰው ልጆች ያጣሉ።

ታናሹ አልፎ አልፎ ይጮኻል፤ አባቱ በሩን ከፍቶ ይቆማል፣ እስኪያልፍ ይጠብቃል፣ ይመለሳል። የታላቋ ቀጠሮ ከገና በኋላ ነው። ሐኪሙ ከመድኃኒቱ በኋላ የተቀዳ ሌላ ቪዲዮ ይዛችሁ ኑ ስላለን፣ ቀዶ ጥገናው ቶሎ ይሠራ የሚለው ባለቤቴ በሚቀጥለው ቅዳሜ ስልኩን ይዞ ወለሉ ላይ የሚቀመጥበት ተራ ደርሶታል።